ሁለት መንታ ቢላዎች፣ አንድ ስብራት፦ ርካሽ የከባድ ሥራ ቢላ እንዴት ይመዘናል?

ሁለት አንድ ዓይነት የማይታጠፉ ቢላዎች በአንድ ቀን ከአንድ ሻጭ ተገዙ። ሁለቱም ጥቁር ቀለም የተቀቡ ናቸው፤ ማሸጊያቸው ላይ «ለከባድ ሥራ» ተብሎ ተጽፏል፤ ጎናቸው ላይ 1095 የሚል የብረት ቁጥር ተቀርጿል። የሁለቱ ዋጋ ቢደመር ስም ካለው ፋብሪካ የወጣ አንድ መካከለኛ ቢላ አይገዛም ነበር። በሦስተኛው ሳምንት አንደኛው ደረቅ እንጨት ሲፈለጥበት ከእጀታው ትንሽ ወደፊት ለሁለት ተሰበረ። ስለቱ እንጨቱ ውስጥ ተሰክቶ፣ እጀታው እጅ ላይ ቀረ። የተጎዳ ሰው አልነበረም።

የባለቤቱ ጥያቄዎች አጫጭር ነበሩ። ቢላው ከአቅሙ በላይ ተሠርቶበት ነው ወይስ ሲመረት ጀምሮ ችግር ነበረበት? ያልተሰበረው መንታውስ ይጣል፣ ይመለስ ወይስ ይሠራበት? ሁለተኛው ጥያቄ ከመጀመሪያው ይከብዳል፤ ምክንያቱም መንታው ከላይ ሲታይ ከተሰበረው ጋር ልዩነት የለውም።

የተሰበረው ፊት ምን ይላል?

በቅድሚያ አንድ ስህተት መጠቀስ አለበት። ባለቤቱ ስብራቱን ለሰው ለማሳየት ሁለቱን ቁራጮች ደጋግሞ አጋጥሟቸው ነበር። የተሰበረ ብረት ፊት በጥቃቅን ሹል ጉብታዎች የተሞላ ስለሆነ ሲጋጠም ጉብታዎቹ ተጨፍልቀው ያብለጨልጫሉ፤ የስብራቱ ታሪክ የተጻፈው ደግሞ እዚያው ጉብታዎች ላይ ነው። ቢላ ሲሰበር ቁራጮቹን ለየብቻ በደረቅ ጨርቅ መጠቅለል፣ ዘይት አለመቀባት፣ ፊታቸውንም ከጎን በሚመጣ ብርሃን ፎቶ ማንሳት ያስፈልጋል። በዚህ ጉዳይ ላይ ደግነቱ የተጨፈለቀው ከስለቱ በኩል ያለው ጠርዝ ብቻ ነበር።

ልኬቱ እንዲህ ነው። ጠቅላላ ርዝመቱ 27 ሴንቲሜትር፣ ስለት ያለው ክፍል 14.5 ሴንቲሜትር፣ ደንደሱ ላይ ያለው ውፍረት 6.1 ሚሊሜትር፣ ያለ አፎቱ 415 ግራም። ወደ እጀታው የሚዘልቀው ብረት (ከዚህ በኋላ ጭራ እንለዋለን) እስከ እጀታው መጨረሻ ሙሉ ነው፤ 24 ሚሊሜትር ስፋት አለው፣ ክብደት ለመቀነስ አራት ባለ 11 ሚሊሜትር ቀዳዳዎች በመሃሉ ተበስተዋል። ደንደሱ ላይ፣ አውራ ጣት የሚያርፍበት ቦታ፣ እጅ እንዳያንሸራትት አምስት ጥርሶች ተቆርጠዋል። እያንዳንዱ ቁርጥ 1.5 ሚሊሜትር ይጠልቃል፣ ግርጌውም እንደ ቪ ፊደል ሹል ነው። ስብራቱ የሚጀምረው ለእጀታው ከሚቀርበው ቁርጥ ግርጌ ነው።

ፊቱ በማጉያ መነጽር ሲታይ በሦስት ቀለም ተከፍሏል። ከቁርጡ ግርጌ ጀምሮ አንድ ሚሊሜትር ያህል ጥቁር ነው፤ ጥቁሩ ያው ቢላው የተቀባበት ቀለም ነው። ከዚያ በታች ሦስት ሚሊሜትር ያህል እንደ ደረቅ ገለባ ቢጫ የሆነ፣ ለስላሳና ወጥ ሽፋን አለ። የቀረው 24.5 ሚሊሜትር ንጹሕ ግራጫ ነው፤ ቅንጣቱ ደቃቅ፣ እንደ አመድ ልም ያለ።

ቢጫው ዝገት ነው ብሎ ማለፍ ቀላል ነበር። ዝገት ግን ሻካራ ነው፣ በጥጥ ሲጠረግ ጥጡን ያበላሻል፣ ድንበሩም የተዥጎረጎረ ነው። ይኸኛው አይለቅም፣ ድንበሩም ጥርት ያለ ነው። ብረት ከ200 እስከ 230 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሲሞቅ የሚያወጣው የገለባ ቀለም ነው። ቢላው ጠንክሮ ከወጣ በኋላ ተሰባሪነቱን ለመቀነስ በምድጃ እንደገና የሚሞቀው በዚሁ ሙቀት ነው። እንግዲህ ቅደም ተከተሉ በቀለሙ ተጽፏል፤ ስንጥቁ የተፈጠረው ብረቱ ግሎ ዘይት ውስጥ ሲነከር ነው፣ ቀጥሎ እንደገና ሲሞቅ አየር ስንጥቁ ውስጥ ገብቶ ቢጫ አደረገው፣ መጨረሻ ላይ የተቀባው ጥቁር ቀለም አፉን ደፈነው። ቢላው ከፋብሪካው የወጣው አራት ሚሊሜትር ተሰንጥቆ ነው።

ያልተፈረደባቸው ተጠርጣሪዎች

ያየ ሁሉ ጣቱን የቀሰረው ጭራው ላይ ባሉት ቀዳዳዎች ላይ ነበር። ስብራቱ ግን ከመጀመሪያው ቀዳዳ ሦስት ሴንቲሜትር ወደፊት ነው ያለፈው። እንጨት ሲፈለጥ ብረቱ ከደንደስ ወደ ስለት አቅጣጫ ይታጠፋል፤ በዚህ መታጠፍ አንደኛው ጠርዝ ይለጠጣል፣ ሌላኛው ይጨመቃል፣ መሃሉ ከሞላ ጎደል ጭነት የለበትም። መሃል ላይ ያለ ክብ ቀዳዳ ከጥንካሬው የሚወስደው ጥቂት ነው። ቀዳዳው ጠርዝ ድረስ ቢሰፋ ወይም ማዕዘኑ ሹል የሆነ አራት ማዕዘን ቢሆን ነገሩ ሌላ በሆነ ነበር።

አጠቃቀሙም ተመርምሯል። ደንደሱ ላይ በብረት መዶሻ የተመታ ምልክት የለም፤ ብረት በብረት ሲመታ ጠርዙ ይጎበጉባል፣ ያብረቀርቃልም። የተመታው በእንጨት ዱላ ነው። የሚፈለገው ግንድ ዲያሜትሩ 9 ሴንቲሜትር ስለነበር ከስለቱ አምስት ሴንቲሜትር ያህል በወዲያ በኩል ለመምታት ተርፏል። ይህ ከሚመከረው መጠን ውስጥ ነው፤ ቢላ ዲያሜትሩ ከስለቱ ርዝመት ቢያንስ አራት ሴንቲሜትር ያነሰ ግንድ ሊፈልጥ ይችላል። አንድ ጉጥ ግንዱ ውስጥ ነበረ፣ ቢላውም እሱ ላይ ተቀርቅሮ ሳለ ጫፉ ተመትቷል። ጫፉ ወደ ታች ሲመታ እጅ ደግሞ እጀታውን ወደ ታች ስለሚጫን፣ በመሃል ያለው ጉጥ መደገፊያ ሆኖ ብረቱ እንደ ቀስት ወደ ላይ ይቀለበሳል። የሚለጠጠው ደንደሱ ነው፤ ስንጥቁ ያለው ደግሞ እዚያው ነው። ጉጡ ምክንያት ሆነ እንጂ ጥፋቱ የጉጡ አይደለም። ጤነኛ ስድስት ሚሊሜትር ብረት በአንድ ጉጥ አይሰበርም።

ሦስተኛው ተጠርጣሪ የብረቱ ማንነት ነበር። 1095 ከ0.90 እስከ 1.03 በመቶ ካርቦን ያለው ተራ የካርቦን ብረት ነው፤ ክሮምየም ስለሌለው ይዝጋል። ቀለሙ በተፋቀበት ቦታ የኮምጣጤ ጠብታ ሲቀመጥበት በደቂቃዎች ውስጥ ግራጫ አደረገው፤ ስለዚህ የማይዝግ ብረት ተመስሎ የተሸጠ አይደለም። ኮምጣጤ 1095ን ከ1065 አይለይም፣ ያንን የሚለየው ላቦራቶሪ ነው። ጥንካሬው ግን በየደረጃቸው በተቀረጹ የመፈተሻ ሞረዶች ተለካ። ስድስት ናቸው፤ ከ40 እስከ 65 ሮክዌል ሲ (የብረት ጥንካሬ መለኪያ) በየአምስቱ። ባለ 55ቱ ስለቱ ላይ ተንሸራተተ፣ ባለ 60ው ነከሰ። ጥንካሬው በሁለቱ መካከል ነው ማለት ነው፣ ለከባድ ቢላ ደህና የሚባል ልክ።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚሳሳትበት ነገር አለ። ያው ባለ 55 ሞረድ በጎኑ፣ ቀለሙ ሥር ባለው ቆዳ ላይ ሲሞከር ነክሷል። ይህ ብረቱ ለስላሳ ነው ማለት አይደለም። ያለ መከላከያ ጋዝ በሚሠራ ምድጃ ውስጥ የብረቱ ላይኛ ገጽ ካርቦኑን ያጣል፤ ቆዳው ከአንድ ሚሊሜትር አሥረኛ ወይም ሁለት አሥረኛ አይበልጥም። በ120 ቁጥር የብርጭቆ ወረቀት ጥቂት ከተፋቀ በኋላ ሞረዱ መንሸራተት ጀመረ። የፋብሪካ ስለትም እንዲሁ ያታልላል፤ በችኮላ ሲሳል ጠርዙ ይግልና ይለሰልሳል። ርካሽ ቢላ «ስለት አይይዝም» ከመባሉ በፊት ሁለት ሦስት ጊዜ በእጅ መሳል አለበት።

ስለዚህ ብረቱ ትክክል ነው፣ ጥንካሬው ትክክል ነው፣ ደቃቁ ቅንጣትም ብረቱ ከመጠን በላይ እንዳልጋለ ይመሰክራል። ከመጠን በላይ የጋለ ብረት ሲሰበር ፊቱ እንደ ስኳር ይሻክራል፣ በዓይን የሚቆጠር ቅንጣት ያሳያል። ይህ ሁሉ በትክክል ተሠርቶ ሳለ ቢላውን የገደለው የአንድ ቁርጥ ሹል ግርጌ ነው።

ሹል ግርጌ ለምን ይሰነጠቃል?

1095 ወደ 800 ዲግሪ ገደማ ግሎ ፈጣን ዘይት ውስጥ ሲነከር ከአንድ ሴኮንድ ባነሰ ጊዜ ከ540 ዲግሪ በታች መውረድ አለበት፤ ካልወረደ አይጠነክርም። በዚህ ፍጥነት ላይኛው ገጽ መጀመሪያ ይኮማተራል፣ ከዚያ ወደ ጠንካራ ብረትነት ሲለወጥ ይሰፋል፤ ውስጡ ደግሞ ዘግይቶ ተመሳሳዩን ያደርጋል። በሁለቱ መካከል የሚፈጠረው መጓተት በጠፍጣፋ ቦታ ይበተናል፤ በሹል ማዕዘን ግርጌ ግን አንድ መስመር ላይ ይሰበሰባል። ቁርጡ ግርጌው ክብ ቢሆን፣ ሁለት ሚሊሜትር ሬዲየስ እንኳ ቢኖረው፣ ወይም ከማጠንከሩ በኋላ ቢቆረጥ አደጋው እጅግ ይቀንስ ነበር። ክብ አድርጎ መቁረጥ ቀርፋፋ ነው፤ ከጠነከረ በኋላ መቁረጥ ደግሞ መቁረጫ ይበላል።

የተሰነጠቀው አራት ሚሊሜትር በሒሳብ ሲታይ ብዙ አይመስልም። በዚያ ቦታ ከቁርጡ ግርጌ እስከ ታች ያለው ቁመት 28.5 ሚሊሜትር ነበር። የመታጠፍ ጥንካሬ በቁመቱ ካሬ ስለሚሄድ ከ28.5 ወደ 24.5 መውረድ የሚወስደው ሩቡን ገደማ ብቻ ነው። ጠንካራ ብረት ግን በዚህ ሒሳብ አይገዛም። የስንጥቅ ጫፍ ከየትኛውም ቁርጥ የሰላ ነው፣ እያንዳንዱ ምት እዚያች ነጥብ ላይ ያርፋል።

የዋጋው ምሥጢርም እዚሁ ላይ ይገኛል። ይህ ቢላ የረከሰው በብረቱ አይደለም፤ 1095 ውድ ብረት አይደለምና ውድ ቢላዎችም ይሠሩበታል። የካ-ባር ቤከር ቢኬ2 የሚባለው ከባድ ቢላ እንኳ ከዚሁ ቤተሰብ ጥቂት ክሮምየምና ቫናዲየም በታከለበት ብረት፣ በ6.35 ሚሊሜትር ውፍረት ነው የሚሠራው። የተቀነሰው ፍተሻው ነው። የተሰነጠቀውን ከጤነኛው የሚለይ ሰው ወይም መሣሪያ መስመሩ ላይ አልነበረም፤ ቀለሙም ሁለቱን አመሳሰላቸው። እንዲህ ያለ ቢላ የገዛ ሰው የፍተሻውን ሥራ አብሮ ገዝቷል።

መንታውን መፈተሽ

ፍተሻው የሚጠይቀው ቀለም ማስለቀቂያ ጄል፣ ነጭ ጋዝና የጠመኔ ዱቄት ብቻ ነው። ጄሉ ደንደሱ ላይ፣ በጥርሶቹ ዙሪያና እጀታው በሚጀምርበት ማዕዘን ላይ ተቀባ። ሃያ ደቂቃ ቆይቶ ቀለሙ ተነሣ። ቪቴዎቹ ተፈትተው እጀታው ወጣ። ሥሩ ዝገት ጀምሮት ነበር፤ እጀታውና ጭራው መካከል ያለው ክፍተት እርጥበት ስለሚይዝ ይህ የሚጠበቅ ነው፣ በዘይት ይታከማል። ከዚያ ብረቱ በነጭ ጋዝ ታሽቶ ሃያ ደቂቃ ተተወ፣ በንጹሕ ጨርቅ ደረቅ እስኪል ተጠረገ፣ የተፈጨ ጠመኔ ተነሰነሰበት። ስንጥቅ ካለ ውስጡ የቀረው ጋዝ ወደ ጠመኔው ይመጠጥና ጠቆር ያለ ክር የመሰለ መስመር ያወጣል። አሥር ደቂቃ በቂ ነው። ጨርቁ በደንብ ካልጠረገ መላው ገጽ ይጠቁርና ምንም አይነበብም፤ ያኔ ከመጀመሪያው መድገም ነው።

መንታው ላይ መስመር አልወጣም። ደንደሱን በዓይን መስመር ማየትም ቀጥ ማለቱን አሳየ። ባለ 6 ሚሊሜትር የነሐስ ዘንግ ላይ ስለቱ በ15 ዲግሪ ገደማ ተጭኖ ሲጎተት ጠርዙ በትንሹ ታጥፎ ተመለሰ። ታጥፎ ቢቀር ለስላሳ ነው፣ ቢሸረፍ ከመጠን በላይ ጠንካራ ነው። በጣት ጥፍር መታ አድርጎ ድምፁን ማዳመጥ የሚመክሩ አሉ፤ እጀታ የተገጠመለት ቢላ ጤነኛም ሆኖ ድፍን ድምፅ ስለሚያወጣ ብዙ አያዋጣም።

አንድ ሌላ የተለመደ ፈተናም አልተደረገም፤ ሞርሳ ላይ አስሮ ማጠፍ። በእጅ የሚታወቀው ግትርነት ስለ ጥራት ምንም አይናገርም። የጠነከረም ያልጠነከረም ብረት እስኪጎብጥ ድረስ ግትርነቱ አንድ ነው፤ ለውጥ የሚያመጣው ውፍረት ነው፣ ያውም በኩብ። 6.1 ሚሊሜትር የሆነው ከ3.2 ሚሊሜትሩ ሰባት ጊዜ ያህል ይገትራል። ገዢው «ጠንካራ» ብሎ የሚያደንቀው ይህንኑ ነው። ሞራ ኮምፓኒየን ሄቪ ዲውቲ የሚባለው ቢላ በስሙ ለከባድ ሥራ ነው፤ ስለቱ 104 ሚሊሜትር ርዝመትና 3.2 ሚሊሜትር ውፍረት ብቻ አለው፣ ጭራውም ፕላስቲክ እጀታ ውስጥ የተደበቀ ነው። ለርዝመቱ የሚመጥን እንጨት ሲሰጠው ይፈልጣል፣ ሲቆርጥ ደግሞ ወፍራሞቹን ያስንቃል።

መቁረጡ የመንታው ሁለተኛ ችግር ነበርና። ስለቱ የተሞረደው ከ38 ሚሊሜትር ቁመቱ የታችኛው 16 ሚሊሜትር ብቻ ነው። ከስለቱ ጠርዝ በላይ ያለው ውፍረት 1.1 ሚሊሜትር፣ የጠርዙ ስፋት በእያንዳንዱ በኩል 1.3 ሚሊሜትር ነበር። የውፍረቱ ግማሽ 0.55 ለ1.3 ሲካፈል የጠርዙ አንግል ሳይን ይገኛል፤ አንግሉም በአንድ በኩል 25 ዲግሪ፣ በድምሩ 50 ዲግሪ ይሆናል። ይህ ወደ ሽብልቅ ያደላል። እንጨት ይፈልጣል፣ ገመድ ግን ይፈጫል እንጂ አይቆርጥም። ካሊፐር ያለው ገዢ እነዚህን ሁለት ቁጥሮች መደብር ውስጥ ሊለካቸው ይችላል፤ ከብረቱ ቁጥር ይልቅ ስለ ቢላው ጠባይ የሚናገሩት እነሱ ናቸው።

የተደረገለት ነገር

ጠመኔው ዛሬ ስንጥቅ የለም ይላል እንጂ ቁርጡ ሹል ሆኖ እያለ ነገ አይጀምርም አይልም። ስለዚህ አምስቱም ጥርሶች ጠፉ። ተራ ሞረድ በዚህ ጥንካሬ ላይ ስለማይነክስ በአልማዝ ሞረድ ደንደሱ በዚያ ቦታ ሁለት ሚሊሜትር ወርዶ ረጋ ያለ ቅስት ሆነ። ከዚያ 120፣ 240 እና 400 ቁጥር የብርጭቆ ወረቀት በቅደም ተከተል ተሄደበት፤ ጭረቱ ሁሉ በቢላው ርዝመት አቅጣጫ እንዲሆን ተደርጎ፣ ምክንያቱም ተሻጋሪ ጭረት ራሱ ትንሽ ቁርጥ ነው። ቁመቱ ከቁርጡ ግርጌ ግማሽ ሚሊሜትር ስለወረደ ከጥንካሬው የጠፋው አራት በመቶ አይሞላም። ጭራው ወደ ስለቱ በሚሰፋበት በታችኛው ማዕዘንም ሬዲየሱ ወደ ሦስት ሚሊሜትር ሰፋ። በኤሌክትሪክ ድንጋይ ቢሆን ሥራው በደቂቃዎች ያልቅ ነበር፤ ከ200 ዲግሪ በላይ የሞቀ ጠርዝ ግን ይለሰልሳል፣ ስለዚህ ባዶ እጅ መያዝ የማይችለው ሙቀት ሲደርስ ወዲያው ውኃ ማስነካት ያስፈልጋል።

ስለቱ በድንጋይ በአንድ በኩል ወደ 20 ዲግሪ ወረደ። የጠርዙ ስፋት ከ1.3 ወደ 1.6 ሚሊሜትር አደገ። ከዚህ በላይ ማሳሳት ይቻል ነበር፤ ለሚፈልጥ ቢላ ግን 20 ይበቃል።

ጠቅላላ ሥራው ሦስት ሰዓት ተኩል ወሰደ። እዚህ ላይ ነው የዋጋው ሒሳብ የሚገለበጠው። አልማዝ ሞረድና ድንጋይ ያለው፣ ሥራውም ደስ የሚለው ሰው በሩብ ዋጋ ጥሩ ቢላ አገኘ። ሞረዱን ለዚህ ብሎ የሚገዛና ሰዓቱን የሚቆጥር ሰው ግን መካከለኛውን ቢገዛ ይቀለው ነበር። ሁለት ርካሽ ገዝቶ «አንዱ ቢሰበር ሌላው አለ» የሚል ሰው ደግሞ ሁለቱም ከአንድ ምድጃ መውጣታቸውን አይርሳ።

የተሰበረው ቢላ ገንዘብ ተመልሷል። ሻጩ መጀመሪያ «በመዶሻ መትተኸዋል» ብሎ ነበር፤ ስንጥቁ ውስጥ የገባውን ቀለም በፎቶ ሲያይ ክርክሩን ተወ። ቀለም የሚቀባው ፋብሪካ እንጂ ገዢ አይደለም።

መንታው በመጨረሻ ጉጥ በሌላቸው ሦስት ባለ 8 ሴንቲሜትር ግንዶች ላይ በእንጨት ዱላ 120 ጊዜ ተመታ፣ እንደገና በነጭ ጋዝ ታሽቶ ጠመኔ ተነሰነሰበት። አሥር ደቂቃ ተጠበቀ፤ ጠመኔው ከዳር እስከ ዳር ነጭ እንደሆነ ቀረ። ደንደሱ አሁን ቀለም ስለሌለው ከእያንዳንዱ ሥራ በኋላ ስስ ዘይት ይቀባል።